የጓሮ አትክልት፣ የውሃ ፓምፕና የጎረቤት ሐቅ

 

ባለፈው እትም ስለ ጓሮ መደብ አዘገጃጀት ከጻፍን በኋላ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው። «ጓሮአችንን ለማጠጣት የትኛውን ፓምፕ እንግዛ? ስንት የፈረስ ጉልበት ይበቃናል?» የሚሉ ናቸው። ጥያቄው ወቅታዊ ነው። እዚህ ሐዋሳ ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ዝናቡ ይጠፋል፤ ጎመኑ፣ ቆስጣውና ቃሪያው ደግሞ ውሃ አጥብቀው የሚሹት ያኔ ነው። ወደ ሐይቁ በሚጠጉት ሰፈሮች ጥቂት ሜትር ተቆፍሮ ውሃ ስለሚገኝ ጉድጓድ ያለው ግቢ ብዙ ነው። ቀድሞ የሚቀዳው በገመድና በባልዲ ነበር። ዛሬ ግን ገበያው በፓምፕ ተሞልቷል፤ ዕቁብ የደረሰው ሁሉ አንድ ገዝቶ ይገባል።

እኔም ዕቁቤ የደረሰኝ ሰሞን ገዛሁ። ምክሩን ከመደርደሬ በፊት ስህተቴን ብነግራችሁ ይበልጥ ይጠቅማችኋል ብዬ ስለማስብ ከዚያው ልጀምር።

ሻጩ ጉድጓዴ ምን ያህል እንደሚጠልቅ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። «አንድ ፈረስ ውሰድ፤ ግማሹማ ምን ያደርግልሃል?» አለኝና ባለ አንድ የፈረስ ጉልበቱን ተሸክሜ ገባሁ። አትክልቴ ያረፈበት መሬት ግን ቢበዛ 60 ካሬ ሜትር ነው። ጉድጓዱ 7 ሜትር ይጠልቃል፤ ውሃው የሚገኘው 5 ሜትር ላይ ነው። ማለትም ከታች የተጠራቀመው ውሃ ቁመቱ ሁለት ሜትር ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሠርግ ነበር ማለት ይቻላል። ልጆቹ ጎማውን እየተሻሙ ጓሮውን ሁሉ አራሱት። ሳምንት ሳይሞላ ውሃው ከመደቡ አልፎ ወደ መንገድ መፍሰስ ጀመረ፤ የቃሪያው ቅጠል ቢጫ ሆነ፤ ነቅዬ ባየው ሥሩ በስብሷል። አንድ ምሽት ደግሞ ፓምፑን ሳናጠፋ ለመግሪብ ሰላት ወጣን። ስንመለስ ሞተሩ ውሃ ሳይኖረው በባዶው ይጮኻል፤ የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ግቢውን ሞልቶታል። የስንት ወር ዕቁብ በአንድ ሰላት ጊዜ ውስጥ ሄደ።

ይህ ሁሉ የገንዘብ ጉዳይ ነውና ያልፋል። በማግስቱ ማለዳ ግን በዕድሜ እናቴ የሚሆኑት ጎረቤታችን ባዶ ጀሪካን ይዘው በሩን አንኳኩ።

«ኡስታዝ፣ የኔ ጉድጓድ ምን ነክቶት ይሆን? ገመዴ ውሃው ጋ አልደርስ አለኝ እኮ!» አሉኝ።

«እስቲ እኔ ልይልዎ፣ እማማ» ብዬ ተከትያቸው ሄድኩ። ገመዱን ረዘም አድርጌ ባልዲውን ባወርደው ጭቃ ይዞ ወጣ። እኚህ እናት ለውዱእም፣ ለልብስም፣ ለሁለቱ በጎቻቸውም የሚቀዱት ከዚያች ጉድጓድ ነው። የእርሳቸው ጉድጓድ ከእኔው ይልቅ አጠር ያለ ሲሆን በሁለቱ መካከል ያለው የቆርቆሮ አጥርና ስምንት ያህል እርምጃ ብቻ ነው። ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው ዛሬ አላስታውስም፤ ያን ዕለት ጀሪካናቸውን ከቧንቧ ሞልቼ ስሸኛቸው ግን ቀና ብዬ ለማየት አፍሬ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ በየጉድጓዱ ለየብቻው የተቀመጠ አይደለም፤ አፈሩንና አሸዋውን ሞልቶ በሰፈሩ ሁሉ ሥር የተዘረጋ ነው። ከአንዱ ጉድጓድ ብዙ ውሃ ፈጥኖ ሲሳብ በዙሪያው ያለው የውሃ ወለል እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወደዚያው ይሰረጉዳል። በሳህኑ ጠርዝ ላይ ያለውና ውሃውን በጥቂቱ ብቻ የነካው አጭር ጉድጓድ ያኔ ባዶውን ይቀራል። በእኛ ረድፍ ደግሞ ፓምፕ የተከልነው አምስት ቤቶች ነበርን፤ ሁላችንም የምናጠጣው በአንድ ሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ነው።

ሰው በባልዲ ሲቀዳ ክንዱ ይደክማል። ዐሥራ አምስት ባልዲ ከሳበ በኋላ «ይብቃ» ይላል። ያ ድካም ሳናውቀው የውሃው ልክ ሆኖ ሲያገለግለን ኖሯል። ፓምፕ ግን አይደክምም። ስለዚህ «ስንት ይሳብልኝ?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ማን ያቁመው?» የሚለውም አብሮ መጠየቅ አለበት። ለዚህ ዓምድ ከደረሱት ጥያቄዎች ውስጥ ሁለተኛውን ያነሳ አንድም አላገኘሁም፤ እኔም ያኔ አላነሳሁትም ነበር።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ልጆቻችሁ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሆኑ አብረዋችሁ ይሥሩት፤ ከደብተራቸው ውጭ ሒሳብ ምን እንደሚሠራ የሚያዩበት ነው።

መጀመሪያ አትክልቱ ስንት ይፈልጋል? በሐዋሳ በበጋ ወራት አንድ ካሬ ሜትር የተተከለ መደብ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ገደማ ቢያገኝ ይበቃዋል። ስለዚህ 60 ካሬ ሜትር ማለት በቀን 300 ሊትር፣ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 15 ጀሪካን ነው። እኔ በዚያ ትልቅ ፓምፕ በአንድ ማጠጫ የማፈሰው 1500 ሊትር ያህል ነበር። አምስት እጥፍ!

ቀጥሎ ጉድጓዱ ስንት ይሰጣል? ገመድ ጫፍ ላይ ድንጋይ አስራችሁ የውሃውን ወለል ለኩ። ውሃ ቀድታችሁ ወለሉን ዝቅ ካደረጋችሁ በኋላ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ስንት ሴንቲ ሜትር መልሶ እንደወጣ እዩ። ስፋቱ አንድ ሜትር የሆነ ክብ ጉድጓድ በእያንዳንዱ ሜትር ቁመት 785 ሊትር ይይዛል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ወደ 8 ሊትር ነው። የእኔው ጉድጓድ በዐሥር ደቂቃ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አለ። ይህም 80 ሊትር፣ በደቂቃ 8 ሊትር መሆኑ ነው። የገዛሁት ፓምፕ ደግሞ በደቂቃ 60 ሊትር ይስባል። ጉድጓዱ 8 እየሰጠ 60 ሲወሰድበት ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መድረቁ ምን ያስገርማል? ልኬቱን የምትወስዱት ግን በበጋው ማብቂያ፣ ውሃው እጅግ በሚቀንስበት ጊዜ ይሁን። በነሐሴ የተለካ ጉድጓድ ያታልላል።

ሦስተኛው ከፍታው ነው። ከውሃው ወለል እስከ ሮቶው አፍ ያለውን ቀጥ ያለ ቁመት ደምሩ። ውሃው ከመሬት በታች 6 ሜትር፣ ሮቶው ደግሞ ከመሬት በላይ 3 ሜትር ከሆነ 9 ሜትር ነው፤ ቧንቧው ውስጥ ለሚባክነው ጉልበት ሦስት ሜትር ያህል ጨምሩበትና 12 በሉት። ቀጭን ቧንቧ ጉልበት ይበላል። ያው የውሃ መጠን ስፋቱ በግማሽ በቀነሰ ቧንቧ ውስጥ ሲያልፍ የሚባክነው ጉልበት ወደ ሠላሳ እጥፍ ያድጋል። ብዙ ሰው ባለ አንድ ኢንች መውጫ ባለው ፓምፕ ላይ የግማሽ ኢንች ጎማ ይቀጥልና «ፓምፑ ደካማ ነው» ይላል።

በፓምፑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ስታነቡ ሁለት ትልልቅ ቁጥሮች ታያላችሁ። አንደኛው ውሃውን የሚያደርስበት የመጨረሻ ከፍታ፣ ሁለተኛው በደቂቃ የሚሰጠው የመጨረሻ መጠን ነው። ሁለቱ ፈጽሞ አብረው አይገኙም! የመጨረሻው ከፍታ ላይ ሲደርስ ውሃ አይወጣም፤ የመጨረሻውን መጠን የሚሰጠው ደግሞ ምንም ሽቅብ በማይገፋበት ጊዜ ነው። ሻጩን መጠየቅ ያለባችሁ «በ12 ሜትር ከፍታ በደቂቃ ስንት ሊትር ይሰጣል?» ብላችሁ ነው። ከካርቶኑ ውስጥ ወይም ከጎኑ ላይ ይህን የሚያሳይ ሠንጠረዥ ብዙ ጊዜ አለ። ለእኔ ዓይነቱ ጓሮ በዚያ ከፍታ ከ15 እስከ 20 ሊትር የሚሰጥ ግማሽ የፈረስ ጉልበት ተርፎ ይበቃል።

ሌላው፣ አብዛኞቻችን የማናውቀው የመምጠጥ ነገር ነው። ከመሬት በላይ የሚቀመጥ ፓምፕ ውሃውን ጎትቶ የሚያወጣው አይደለም። በቧንቧው ውስጥ ያለውን አየር ሲያስወጣ ውጭ ያለው የአየር ክብደት ውሃውን ወደ ላይ ይገፋዋል። በባሕር ጠረፍ ይህ ክብደት ውሃን 10 ሜትር ከ30 ሴንቲ ሜትር ያህል ያነሳል፤ ከዚያ በላይ የትኛውም ፓምፕ ቢሆን አይመጥም። ሐዋሳ ግን ከባሕር ወለል 1700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። እዚህ በስሌት የሚደረስበት 8 ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም፤ በተግባር ደግሞ ከ5 እስከ 6 ሜትር ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከዚህም ያንሳል። ፓምፑ ላይ «8 ሜትር ይመጥጣል» የሚለው ጽሑፍ ለባሕር ጠረፍ የተጻፈ ነው። የእኔው ፓምፕ የነደደው ለዚህ ነው። ውሃው 5 ሜትር ላይ ሳለ ሠራ፤ ወለሉ ወደ 6 ሜትር ተኩል ሲወርድ መምጠጥ አቃተው፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዝለት ውሃም አጣ። የእናንተም ውሃ ከ5 ሜትር በታች ከሆነ ውሃው ውስጥ ገብቶ ከታች ወደ ላይ የሚገፋውን ዓይነት ግዙ። ዋጋው ይጨምራል፤ ግን የመምጠጥ ጣጣ የለበትም። በራሱ ገመድ ይንጠልጠል እንጂ በኤሌክትሪክ ሽቦው እንዳትይዙት፤ ጭቃ እንዳይስብም ከወለሉ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ይበል።

ለወጣቶቻችን አንድ ነገር ላክል። በመምጠጫ ቧንቧ ውሃ የሚስብ ባለ ሁለት ሲሊንደር ፓምፕን እ.ኤ.አ. በ1206 በተጠናቀቀ መጽሐፉ ላይ ከነሥዕሉ ያስቀመጠው ሙስሊሙ መሐንዲስ አል-ጀዘሪ ነው። ዛሬ ዲያርባክር በምትባለው ከተማ ለነበሩት ገዥዎች ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ፊዚክስ «የእነርሱ ትምህርት» ነው እያሉ በመድረሳና በትምህርት ቤት መካከል ግድግዳ የሚያቆሙትን ስሰማ ይህ ሰው ትዝ ይለኛል።

እንግዲህ ማን ያቁመው? ከሁሉ የሚበልጠው መንገድ ፓምፑን ከአትክልቱ ጋር አለማገናኘት ነው። ፓምፑ ውሃውን ቆጥ ላይ ወደተቀመጠ ሮቶ ይሙላ፤ ጓሮው ከሮቶው በራሱ ክብደት እየወረደ ይጠጣ። 300 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ከሆነ የዕለቱ ድርሻ እርሱ ነው፤ ሲያልቅ አለቀ። ቆጡ አንድ ሁለት ሜትር ከፍ ካለ ለጠብታ መስኖ ጎማም በቂ ነው። ሮቶው ውስጥ ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ ይግባ፤ ሮቶው ሲሞላ ፓምፑን ያጠፋል። ጉድጓዱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ተንሳፋፊ ይንጠልጠል፤ ውሃው ሲጎድል ያጠፋል። መሣሪያው አንድ ዓይነት ቢመስልም የሽቦው አሠራር ተቃራኒ ነው። አንዱ ከፍ ሲል፣ ሌላው ዝቅ ሲል ማጥፋት አለበት። ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ይህን ለይታችሁ ንገሩት፤ ከሄደ በኋላ ሳይሆን እዚያው ቆሞ ሳለ ተንሳፋፊውን በእጃችሁ ከፍና ዝቅ እያደረጋችሁ ፈትኑት። አንዱን ብቻ ለመግዛት አቅም ካላችሁ የጉድጓዱን አስቀድሙ። ሮቶ ሞልቶ ቢፈስ ውሃ ይባክናል፤ ጉድጓድ ቢደርቅ ግን ፓምፑም ጎረቤትም ይጎዳሉ።

በዚህ ላይ የሰዓት መቆጣጠሪያ ብትጨምሩ መልካም ነው። ከሱብሒ ሰላት በኋላ ዐሥር ደቂቃ ይሳብ፣ ሃያ ደቂቃ ይረፍ፣ እንደገና ዐሥር ደቂቃ ይሳብ። በእረፍቱ ጊዜ ጉድጓዱ የተወሰደበትን ይተካል። ማለዳው ለአትክልቱም ይሻላል፤ ፀሐይ ሳይጠነክር ውሃው ሥር ይደርሳል። ለሞተሩም ይሻላል። ማታ ምጣድና ምድጃ በሚበራበት ሰዓት የመብራቱ ቮልቴጅ ሲወርድ ሞተሩ ብዙ ኮረንቲ እየሳበ ይግላል። ቮልቴጅ ሲያንስና ሲበዛ የሚቆርጥ መከላከያ ከሞተር ማስጠገኛው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው። ስለ ኮረንቲ ካነሳን፣ እርጥብ መሬት ላይ ልጆች በባዶ እግር የሚሮጡበት ቦታ ስለሆነ የመሬት መስመር የሌለው ፓምፕ አይብራ፤ 30 ሚሊ አምፒር ሲያመልጥ ወዲያው የሚቆርጠውን ብሬከርም አስገቡ። በዚህ ላይ ቁጠባ የለም።

የጉድጓዱን ውሃ ለመጠጥ አታውሉት። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ጥርስንና አጥንትን የሚጎዳ ፍሎራይድ በብዛት ይገኛል፤ የሽንት ቤት ጉድጓድም ብዙ ጊዜ ሩቅ አይደለም። በጥሬው ለሚበላ ሰላጣ ውሃውን ከላይ አትርጩት፤ ሥሩ ላይ አፍስሱ።

ወደ ሐቁ እንመለስ። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ አንድ ታሪክ አለ። ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ.) እና ከአንሷር የሆነ አንድ ሰው የቴምር ዛፎቻቸውን በሚያጠጡበት የመዲና የውሃ ቦይ ተጣሉ። የዙበይር መሬት ከላይ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በመጀመሪያ ዙበይር አጠጥቶ ውሃውን ለጎረቤቱ እንዲለቅለት በማግባባት ፈረዱ። ሰውየው ግን «ዘመድህ ስለሆነ ነው» የሚል ቃል በመናገሩ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ለዙበይር ሙሉ መብቱን ሰጡት፤ ውሃው መደቡ ጥግ እስኪደርስ እንዲይዝና ከዚያ በኋላ እንዲለቅ አዘዙት። ኋላ የነበሩት ዑለማዎች ያን ልክ ሲገምቱት ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሆኖ አገኙት። ተመልከቱ! ሙሉ መብት በተሰጠበት ፍርድ ውስጥ እንኳ ለውሃው ማቆሚያ ተበጅቶለታል። እርሳቸው ራሳቸው (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ፣ ማለትም በሁለት እጅ እፍኝ ያህል ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። እኛ ቤት ጎማ ተከፍቶ ውዱእ የሚያደርግ ልጅ ስንት ሙድ እንደሚያፈስ አንድ ቀን ባልዲ አስቀምጣችሁ ለኩት።

ሰው በራሱ ግቢ ቆፍሮ ሲስብ የጎረቤቱ ጉድጓድ ቢጎድል ምን ይፈረዳል በሚለው ላይ ፉቀሃዎች አንድ ቃል አልነበራቸውም። በንብረቱ ያዛል ያሉ አሉ፤ ጎረቤቱን ከጎዳ ይከለከላል ያሉም አሉ። እኔ ፈትዋ ሰጪ አይደለሁም፤ በየአካባቢያችሁ ያሉትን ዑለማዎች ጠይቁ። ለእኔ ግን በራቸው ላይ ጀሪካን ይዘው የቆሙት እናት ከክርክሩ በፊት መጡ።

ጥቂት ፓምፕ ምን ያመጣል የሚል ካለ ሐረማያን ያስታውስ። በምሥራቅ ሐረርጌ የሚገኘው ይህ ሐይቅ የሐረር ከተማን ለዐሥርት ዓመታት ሲያጠጣ የኖረ ነው። ከተማዋ ትስባለች፤ በዙሪያው ያለው ገበሬ በየበኩሉ አንዳንድ ፓምፕ እየተከለ ለጫትና ለአትክልት ይስባል፤ ከኮረብታው የሚታጠበው ደለል ደግሞ ይሞላዋል። በ1996 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ ደረቀ። ሐረርም ውሃዋን ከድሬዳዋ አቅጣጫ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ማምጣት ግድ ሆነባት። ከዓመታት በኋላ ውሃው መልሶ መታየት መጀመሩ አልሐምዱ ሊላህ ያሰኛል። ከእነዚያ ገበሬዎች አንዱም ሐይቅ ላድርቅ ብሎ የተነሳ አልነበረም፤ እያንዳንዱ የሚያየው የራሱን ጎማ ነበር።

እኛ ያደረግነውን ነግሬአችሁ ላብቃ። አምስቱ ቤቶች አንድ ጁሙዓ ከሰላት በኋላ ተቀመጥን፤ ከመካከላችን ክርስቲያን ጎረቤቶችም አሉ። ሁለት ቤት ሰኞና ሐሙስ፣ ሁለት ቤት ማክሰኞና ዐርብ፣ አንዱ ረቡዕና ቅዳሜ እንዲስብ ተስማማን። እኔ ያስጠገንኩትን ትልቁን ፓምፕ ሸጬ ውሃ ውስጥ የሚገባ ግማሽ ፈረስ ከሁለት ተንሳፋፊዎች ጋር ገዛሁ። በተራዬ ቀን ሁለት ሮቶ እሞላለሁ፤ የመደቡን አፈር በደረቅ ሣር ስለሸፈንኩት እርጥበቱ እስከሚቀጥለው ተራ ይቆያል። ከሮቶው አንድ ቀጭን ጎማ በአጥሩ ሥር አሳልፌ ለእማማ ቧንቧ ሠራሁላቸው። እርሳቸው ግን ለውዱእ አሁንም ከራሳቸው ጉድጓድ በባልዲ መቅዳቱን ይመርጣሉ። በሦስተኛው ሳምንት ውሃው ተመልሶ ገመዳቸው ደርሷል። ከአምስታችን አንዱ ቤት ተራውን እስካሁን አያከብርም፤ ማታ ማታ ፓምፑ ሲጮህ ይሰማል። በሚቀጥለው ጁሙዓ ኢንሻአላህ ሽማግሌ ይዘን እንሄዳለን።